ፈተናው የሚለካው ማንን ነው? የፕሮፌሰርና የዲን ቻርልስ ቶምፕሰን ሕይወትና ሥራ



ዛሬ የምናገረው በሥነ ልቦና ታሪክ ትምህርት ውስጥ ስማቸው ዘግይቶ ስለሚነሣ፣ አንዳንዴም ጨርሶ ሳይነሣ ስለሚታለፍ አንድ ምሁር ነው። ቻርልስ ቶምፕሰን በስማቸው የሚጠራ ንድፈ ሐሳብ አልተዉልንም፤ ዝነኛ ቤተ ሙከራም አላቋቋሙም። በሙያ ዘመናቸው አብዛኛውን ጊዜ ያሳለፉት በመምህርነት፣ በመጽሔት አዘጋጅነትና በዲንነት ነው። እንዲህ ያለውን ሰው ብዙ ጊዜ «ከምርምር ይልቅ አስተዳደር የወሰደው ምሁር» እያልን እናልፈዋለን። እኔ ግን ዛሬ የማቀርበው ሐሳብ ከዚህ የተለየ ነው። ቶምፕሰን በወጣትነታቸው አንድ የሥነ ልቦና ጥያቄ አንሥተዋል። ጥያቄው የችሎታ ፈተና የሚለካው ልጁን ነው ወይስ ትምህርት ቤቱን የሚል ነበር። መጽሔቱም፣ የዲንነቱ ወንበርም፣ በመጨረሻም የፍርድ ቤቱ የምስክር ሣጥን የዚያ ጥያቄ ተከታታይ መልሶች ነበሩ ብዬ አምናለሁ።

ንግግሬ በአብዛኛው የሚያተኩረው በአሜሪካ ላይ ስለሆነ የምጠቅሳቸው ዓመታት በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር መሆናቸውን በቅድሚያ ላሳስብ። በእኛ አቆጣጠር የምጠቅሰውን ለይቼ እናገራለሁ።

ከሚሲሲፒ እስከ ቺካጎ

ቶምፕሰን በ1895 በሚሲሲፒ ግዛት በጃክሰን ከተማ ተወለዱ። አባትና እናታቸው ሁለቱም በዚያው ከተማ በሚገኘው የጥቁሮች ኮሌጅ በጃክሰን ኮሌጅ የሚያስተምሩ መምህራን ነበሩ። ያ ዘመን ምን ዓይነት ዘመን እንደነበረ ሁለት ነገሮች ብቻ ላስታውስ። ከልደታቸው 5 ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1890፣ የሚሲሲፒ ግዛት አዲስ ሕገ መንግሥት አጽድቆ በምርጫ ግብርና በንባብ ፈተና አማካይነት ጥቁሮችን ከመራጭነት አስወጥቷቸዋል። ከልደታቸው 1 ዓመት በኋላ፣ በ1896፣ የሀገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሌሲ በፈርጉሰን ላይ በተሰኘው ጉዳይ «ተለያይቶ ነገር ግን በእኩልነት» የሚለውን መርሕ ሕጋዊ አድርጎታል። መርሑ በተግባር ሲተረጐም መለያየቱ በጥብቅ ተፈጸመ፤ እኩልነቱ ግን በወረቀት ላይ ቀረ። የደቡብ ግዛቶች ለጥቁር ልጆች የሚያወጡት ገንዘብ ለነጮቹ ከሚያወጡት እጅግ ያነሰ ነበር፤ የትምህርት ዘመኑ አጠር ያለ ነበር፤ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በብዙ አውራጃዎች ለጥቁሮች ጨርሶ አልነበረም።

እዚህ ላይ ልብ እንድትሉልኝ የምፈልገው አንድ ነገር አለ። ቶምፕሰን ተለይቶ የቆመውን ትምህርት ቤት ያወቁት ከውጭ አይተውት አይደለም። ወላጆቻቸው እድሜያቸውን የሰጡበት ቤት ነበር። በውስጡ ክብር ያላቸው፣ የተማሩ፣ ለተማሪዎቻቸው የሚሳሱ ሰዎች እንደሚሠሩ ያውቁ ነበር። ይህ እውቀት በኋላ ዘመን የሚያቀርቡትን ክርክር ከባድ አደረገባቸው፤ ሐቀኛም አደረገው።

የኮሌጅ ትምህርታቸውን በሪችመንድ፣ ቨርጂኒያ በሚገኘው ቨርጂኒያ ዩኒየን ዩኒቨርሲቲ ተከታትለው ወደ ቺካጎ ዩኒቨርሲቲ አመሩ። የቺካጎን የሥነ ትምህርት ክፍል በዚያ ጊዜ ይመሩ የነበሩት በላይፕዚግ ከዊልሄልም ቩንት ዘንድ የተማሩት የሥነ ልቦና ሊቅ ቻርልስ ጃድ ነበሩ። ስለዚህ ክፍሉ ትምህርትን እንደ ሥነ ልቦና ሳይንስ፣ በመለኪያና በመረጃ የሚያጠና ነበር። ቶምፕሰን በ1925 በትምህርት ሥነ ልቦና የዶክትሬት ዲግሪያቸውን ከዚያ ተቀበሉ፤ በሥነ ትምህርት መስክ ዶክትሬት ያገኙ የመጀመሪያው ጥቁር አሜሪካዊም ሆኑ። በማግሥቱ ዓመት፣ በ1926፣ በዋሽንግተን ከተማ ወደሚገኘው ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ገቡ። በዚያው ዓመት ሞርዴካይ ጆንሰን የዩኒቨርሲቲው የመጀመሪያው ጥቁር ፕሬዚዳንት ሆነው ተሾሙ። ከዚያ ወዲያ ቶምፕሰን ሃዋርድን አልተዉም።

የፈተናው ዘመን

ቶምፕሰን ወደ ሙያው የገቡት የአእምሮ ችሎታ ፈተና በአሜሪካ በክብር ሠገነት ላይ በተቀመጠበት ወቅት ነው። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ፣ በ1917 እና በ1918፣ በሮበርት ይርክስ የሚመራ የሥነ ልቦና ባለሙያዎች ቡድን ከ1.7 ሚሊዮን በላይ ምልምል ወታደሮችን ፈትኖ ነበር። ማንበብ ለሚችሉት «አልፋ»፣ ማንበብ ለማይችሉት ደግሞ በሥዕል የሚሠራው «ቤታ» ተዘጋጀላቸው። ውጤቱ ሲታተም ጥቁሮች በአማካይ ከነጮች ዝቅ ብለው ተገኙ። በ1923 የፕሪንስተኑ ካርል ብሪገም ይህንኑ መረጃ ይዘው የአሜሪካውያንን የማሰብ ችሎታ በዘር ደረጃ የሚያወጣ መጽሐፍ አሳተሙ። መጽሐፉ በሳይንስ ስም በትምህርትና በስደተኞች ፖሊሲ ክርክር ውስጥ ሥልጣን አገኘ።

ተማሪዎቼ አንዳንድ ጊዜ በሥዕል የሚሰጥ ፈተና ከባህል ነጻ ነው ብለው ያስባሉ። ስለዚህ ከቤታ ፈተና አንድ ክፍል ልጥቀስ። ተፈታኙ ያልተሟላ ሥዕል እየቀረበለት የጎደለውን እንዲሥል ይጠየቃል። ከሥዕሎቹ አንዱ መረብ የሌለው የቴኒስ ሜዳ ነው፤ ሌላው ድምፅ ማውጫ ቀንዱ የጎደለ የሸክላ ማጫወቻ ነው። የቴኒስ ሜዳ በዓይኑ አይቶ የማያውቅ የጥጥ ገበሬ መረቡን ባይሥል የጎደለው ምንድን ነው? ልቡናው ነው ወይስ አጋጣሚው? ፈተናው ይህን ሊለይ አይችልም፤ ምክንያቱም የሚመዘግበው አንድ ቁጥር ብቻ ነው።

ከዚህ መረጃ ሌላ ነገር ያነበቡ ጥቁር ምሁራን ነበሩ። ሆራስ ማን ቦንድ በ1924 የሠራዊቱን ውጤት በግዛት በግዛት ከፋፍለው ሲመለከቱ እንደ ኢሊኖይና ኒው ዮርክ ካሉ የሰሜን ግዛቶች የመጡ ጥቁሮች እንደ ሚሲሲፒና አርካንሳስ ካሉ የደቡብ ግዛቶች ከመጡ ነጮች የበለጠ ውጤት ማግኘታቸውን አሳዩ። ችሎታው በዘር የሚወሰን ቢሆን ኖሮ ይህ ሊሆን ባልቻለ ነበር። ውጤቱ የተከተለው የቆዳውን ቀለም ሳይሆን የግዛቱን ትምህርት ቤት ነው።

ቶምፕሰን በ1928 በአሜሪካ የፖለቲካና የማኅበራዊ ሳይንስ አካዳሚ መጽሔት ላይ ስለ ጥቁር ልጆች የትምህርት ውጤት ያሳተሙት ጽሑፍ በዚሁ መንገድ ቀጠለ። የክርክሩ ዋና ነጥብ የሥነ ዘዴ ነው፤ ዛሬም በመለኪያ ትምህርት የምናስተምረው ነው። ሁለት ቡድኖችን በአንድ ፈተና አወዳድሮ ልዩነቱን በተፈጥሮ ችሎታ ላይ ለማላከክ፣ ሁለቱም የተፈተኑበትን ነገር ለመማር ተመሳሳይ ዕድል ማግኘታቸው በቅድሚያ መረጋገጥ አለበት። የትምህርቱ ዘመን፣ የመምህሩ ዝግጅት፣ መጽሐፉ፣ የቤቱ ኑሮ እኩል ካልሆነ፣ ከልዩነቱ የትኛው ድርሻ የልጁ፣ የትኛው የአካባቢው እንደሆነ ማንም ሊናገር አይችልም። ቶምፕሰን ያደረጉት ነገር ቀላል ይመስላል፤ የጥናቱን አሃድ ከልጁ ወደ ትምህርት ቤቱ አዞሩት። ነገር ግን ይህ መዞር ጥያቄውን ከሥነ ልቦና ክፍል አውጥቶ ወደ በጀት፣ ወደ ሕግና ወደ ፖለቲካ ወሰደው። ልጁ ከሆነ የሚያንሰው፣ ተጠያቂ የለም። ትምህርት ቤቱ ከሆነ ግን ትምህርት ቤቱን እንዲህ ያደረገው አካል አለ።

እዚህ ላይ ለእውነት ሲባል መጨመር ያለብኝ ነገር፣ ብሪገም ራሳቸው በ1930 እነዚያ የዘር ንጽጽሮች መሠረት እንደሌላቸው በጽሑፍ መመስከራቸው ነው። ሳይንስ ራሱን ሊያርም ይችላል። ሆኖም መጽሐፉ በሰባት ዓመት ውስጥ ያደረሰውን ጉዳት እርማቱ አልመለሰውም።

መጽሔቱ

አንድ ጽሑፍ ግን አንድ ጽሑፍ ነው። በየትምህርት ቤቱና በየኮሌጁ የተበተኑ፣ የደቡብን ትምህርት ከውስጥ የሚያውቁ ጥቁር ተመራማሪዎች መረጃቸውን የሚያሳትሙበት የራሳቸው ቋሚ ቦታ አልነበራቸውም። ቶምፕሰን በኤፕሪል 1932፣ በታላቁ የኢኮኖሚ ድቀት መካከል፣ ዘ ጆርናል ኦቭ ኒግሮ ኤጁኬሽን የተባለውን በዓመት አራት ጊዜ የሚወጣ መጽሔት በሃዋርድ መሠረቱ። ስሙ የዘመኑን አጠራር የያዘ ነው። ዓላማውን በሦስት አስቀመጡት፤ ስለ ጥቁሮች ትምህርት መረጃ መሰብሰብና ማሠራጨት፣ በሥራ ላይ ያሉ ሐሳቦችንና አሠራሮችን በሒስ መመርመር፣ እንዲሁም አዳዲስ ጥናቶችን ማነሣሣትና መደገፍ። አዘጋጅነቱን የለቀቁት በ1963 ነው፤ 31 ዓመት መሆኑ ነው።

አበው «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ግን ጌጡ» ይላሉ። የመጽሔቱ ሥራ በትክክል ይህ ነበር። በተለይ በየዓመቱ የሚወጣው ልዩ እትም አንድን ጉዳይ ብቻ ይዞ የተለያዩ ሊቃውንት ከየአቅጣጫው እንዲመረምሩት ያደርግ ነበር። የጁላይ 1934 ልዩ እትም የጥቁር አሜሪካውያንን የአካልና የአእምሮ ችሎታ የሚመለከት ነበር። ቶምፕሰን ለዚህ እትም ያበረከቱት ጽሑፍ እስከ ዛሬ የሚደንቀኝ ነው። ስለ ዘር ልዩነት ራሳቸው ተጨማሪ ክርክር ከማቅረብ ይልቅ ለሥነ ልቦና፣ ለሥነ ትምህርትና ለአንትሮፖሎጂ ባለሙያዎች መጠይቅ ልከው «በእጃችሁ ያለው ማስረጃ በእርግጥ ምን ያረጋግጣል?» ብለው ጠየቁ። መልሱን ሲያጠናቅሩት ከሥነ ልቦና ባለሙያዎቹ አብዛኞቹ ማስረጃው ወደየትኛውም ድምዳሜ እንደማያደርስ የሚያምኑ ሆነው ተገኙ። «ሳይንስ አረጋግጧል» እየተባለ በየመድረኩ የሚነገረውን ነገር ሳይንቲስቶቹ ራሳቸው እንዳላረጋገጡት በሳይንሳዊ መጠይቅ አሳዩ ማለት ነው።

ስለ መጽሔቱ ፍሬ አንድ ምሳሌ ልጨምር። ኬኔትና ሜሚ ክላርክ ሁለቱም የሃዋርድ ተማሪዎች ነበሩ። በሥነ ልቦና ያስተማሯቸው ፍራንሲስ ሰምነር በ1920 ከክላርክ ዩኒቨርሲቲ በሥነ ልቦና የፒኤችዲ ዲግሪ ያገኙ የመጀመሪያው ጥቁር አሜሪካዊ ናቸው። ሜሚ በ1939 ያቀረቡት የማስተርስ ጥናት ገና ትምህርት ቤት ያልገቡ ጥቁር ሕፃናት ስለ ራሳቸው ያላቸው ግንዛቤ እንዴት እንደሚያድግ የሚመረምር ሲሆን፣ ባልና ሚስቱ በአሻንጉሊት ያካሄዷቸው ዝነኛ ጥናቶች የበቀሉት ከዚያ ነው። በ1950 ሕፃናት በዘር ማንነታቸው የሚሰማቸውን ስሜት የሚመለከተው ጽሑፋቸው የታተመው በቶምፕሰን መጽሔት ነበር። የክላርክን ሥራ በ1954 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በግርጌ ማስታወሻ ሲጠቅሰው ዓለም አወቀው። ያንን የመሰለ ጥናት የሚታተምበትን ቦታ ያዘጋጁት ሰው ግን ብዙ ጊዜ አይታወሱም።

የ1935 ክርክር

የመጽሔቱ የጁላይ 1935 ልዩ እትም የጥቁሮችን የተለየ ትምህርት ቤት ከፍርድ ቤቶች ጋር አያይዞ ይመረምራል። በዚህ እትም ሁለት ታላላቅ ጽሑፎች ጎን ለጎን ቀርበዋል። አንደኛው የዊልያም ዱ ቦይስ ነው፤ ርእሱም ጥቁር አሜሪካዊ የተለየ ትምህርት ቤት ያስፈልገዋልን የሚል ጥያቄ ነው። ዱ ቦይስ የሚሉት በአጭሩ ይህ ነው፦ የሚያስፈልገው የተለየም ሆነ የተቀላቀለ ትምህርት ቤት ሳይሆን ትምህርት ነው፤ ልጁን በሚንቅ መምህር ፊት ከሚቀመጥበት የተቀላቀለ ክፍል፣ የሚያውቀውና የሚወደው መምህር ያለበት የተለየ ክፍል ሊሻለው ይችላል።

ሁለተኛው የአዘጋጁ የቶምፕሰን ነው። እሳቸው ደግሞ ወደ ፍርድ ቤት መሄድ ብቸኛው ምክንያታዊ አማራጭ ነው ብለው ተከራከሩ። የደቡብ ጥቁር ዜጋ የመምረጥ መብቱን ስለተነጠቀ በጀት የሚመድቡትን ሰዎች በድምፁ ሊያስገድዳቸው አይችልም፤ ስለዚህ የቀረው በር የሕግ በር ነው። ከዚህም በላይ፣ ሰውን ለይቶ ማስቀመጥ ራሱ የውርደት ምልክት ማተም ነው፤ ሕንፃው ቢያምር እንኳ ምልክቱ አይለቅም የሚል አቋም ነበራቸው።

ይህን ክርክር በየዓመቱ ለተማሪዎቼ የማስነብበው በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛው፣ ቶምፕሰን ከእሳቸው አቋም ጋር የሚጋጨውን፣ ያውም በዘመኑ ከሁሉ የገነነውን ድምፅ በራሳቸው መጽሔት ማስተናገዳቸው ነው። ሁለተኛው፣ ታሪክ ለሁለቱም ምሁራን በከፊል መፍረዱ ነው። ፍርድ ቤቱ ከ19 ዓመት በኋላ ቶምፕሰን ባመለከቱት በር በኩል መለያየትን ሕገ ወጥ አደረገ። ሆኖም ትምህርት ቤቶቹ ሲዋሐዱ በደቡብ በብዙ ሺህ የሚቆጠሩ ጥቁር መምህራንና ርእሳነ መምህራን ከሥራቸው ተፈናቀሉ፤ ዱ ቦይስ የፈሩት ይኸው ልጁን የሚያውቀውን መምህር ማጣት ነበር። ሁለቱን ጽሑፎች አብሮ ያላነበበ ሰው የዚህን ታሪክ ግማሹን ብቻ ያውቃል።

የዲኑ ወንበር

በ1938 ቶምፕሰን የሃዋርድ የሊበራል አርትስ ኮሌጅ ዲን ሆኑ። በ1944 ወደ ድኅረ ምረቃ ትምህርት ቤት ዲንነት ተሸጋግረው እስከ 1961 ቆዩ። በእነዚህ ዓመታት ሃዋርድ አሌን ሎክን፣ ፍራንክሊን ፍሬዘርንና ራልፍ በንችን የመሳሰሉ ሊቃውንት የተሰባሰቡበት ቤት ነበር። መሰባሰባቸው የዘር መድልዎ ውጤትም ነበር፤ የነጮቹ ዩኒቨርሲቲዎች በር ስለተዘጋባቸው አንድ ግቢ ውስጥ ተገናኙ።

ለእኛ ለኢትዮጵያውያን ይህ ግቢ ባዕድ አይደለም። ዶክተር መላኩ በያን የሕክምና ትምህርታቸውን በሃዋርድ ተከታትለው የተመረቁት በ1935 ነው፤ ያ ዓመት ሀገራችን የተወረረችበት፣ የቶምፕሰንና የዱ ቦይስ ክርክርም የታተመበት ዓመት ነው። የአፍሪካን ጥንታዊ ታሪክ በዚያው ያስተምሩ የነበሩት ዊልያም ሊዮ ሀንስቤሪ ከዶክተር መላኩ ጋር ስለ ኢትዮጵያ የሚያጠና ጉባኤ በ1934 አቋቁመው ነበር። አንድ ግቢ እነዚህን ሁሉ ሥራዎች በአንድ ጊዜ ይዞ ነበር።

የዲኑ ሥራ ከጥያቄያቸው ጋር የተያያዘበት ምክንያት ምንድን ነው? በ1938 መጨረሻ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ጌይንስ በተባለው ጉዳይ አንድ ግዛት ለነጮች የሕግ ትምህርት ቤት ካለው ለጥቁር ዜጋውም በግዛቱ ውስጥ ማቅረብ አለበት ብሎ ወሰነ። ከዚያ ወዲህ አንዳንድ የደቡብ ግዛቶች ዩኒቨርሲቲዎቻቸውን ከመክፈት ይልቅ በጥቁሮች ኮሌጆች ውስጥ የድኅረ ምረቃ ፕሮግራሞችን በጥድፊያ ማቋቋም ያዙ። በወረቀት ላይ ፕሮግራም አለ፤ ስም አለ፤ ማኅተም አለ። የድኅረ ምረቃ ትምህርት ምን እንደሚጠይቅ የሚያውቅ ሰው ግን በስም አይታለልም። ቶምፕሰን የሚያማክር ፕሮፌሰር ማግኘት፣ ቤተ መጻሕፍት መሙላት፣ ቤተ ሙከራ ማደራጀት፣ አብረው የሚከራከሩ ተማሪዎችን መሰብሰብ ስንት ዓመት እንደሚፈጅ በየዕለቱ የሚያዩ ዲን ነበሩ። ሃዋርድ ራሱ የመጀመሪያውን ፒኤችዲ፣ በኬሚስትሪ፣ የሰጠው በ1958 ነው፤ ዩኒቨርሲቲው ከተመሠረተ ከ91 ዓመት በኋላ መሆኑ ነው። እንግዲህ አስተዳደሩ ከምርምሩ አላራቃቸውም። ትምህርት ቤትን ከውስጥ መለካት ያስቻላቸው ያ ወንበር ነው።

በኦስቲን ችሎት

ይህ እውቀት የተፈተነው በሜይ 1947 በቴክሳስ ዋና ከተማ በኦስቲን ነው። ሂማን ስዌት የተባሉ የሂዩስተን ከተማ ደብዳቤ አዳይ በ1946 ወደ ቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት ለመግባት አመልክተው በዘራቸው ምክንያት ተከለከሉ። ግዛቱም ጉዳዩ በክርክር ላይ ሳለ ለጥቁሮች የተለየ የሕግ ትምህርት ቤት በጥድፊያ አቋቋመ። የስዌት ጠበቃ የሃዋርድ የሕግ ምሩቅ የሆኑት ተርጉድ ማርሻል ነበሩ። ከባለሙያ ምስክሮቹ መካከል የቺካጎው አንትሮፖሎጂስት ሮበርት ሬድፊልድና የሃዋርዱ ዲን ቻርልስ ቶምፕሰን ይገኙበታል። ቶምፕሰን ግዛቱ ለነጮችና ለጥቁሮች ባቋቋማቸው የከፍተኛ ትምህርት ተቋማት መካከል ያለውን የሀብት፣ የመምህራንና የፕሮግራም ልዩነት በባለሙያነት አስረዱ። በ1928 ስለ ልጆች ፈተና የጻፉት ሙግት አሁን በመሐላ የተሰጠ ምስክርነት ሆነ። በዚህ ችሎት የሚመዘነው ትምህርት ቤቱ ነው።

እዚህ ላይ የነበረውን ጭንቅ አስቡት። ምስክሩ የጥቁሮች ዩኒቨርሲቲ ዲን ናቸው። ወላጆቻቸው የጥቁሮች ኮሌጅ መምህራን ነበሩ። «ተለይቶ የቆመ ተቋም እኩል ሊሆን አይችልም» የሚል ሙግት ሲደግፉ ቃሉ ወደ ራሳቸው ቤትም ይመለሳል። ሁለቱን ነገሮች በአንድ ጊዜ ይዘው መቆም ነበረባቸው፤ በተለየው ተቋም ውስጥ የሚሠራው ሰው ብቃት እንዳለው መመስከር፣ ተቋሙ የተለየበት ሥርዓት ግን ፍትሕ እንደሌለው መመስከር። እኔ እንደምረዳው ሁለቱ አይጋጩም፤ ሁለተኛውን በሥልጣን ሊናገር የሚችለው የመጀመሪያውን በሕይወቱ ያስመሰከረ ሰው ነው።

የግዛቱ ፍርድ ቤት በስዌት ላይ ፈረደ። ጉዳዩ ወደ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ወጥቶ በጁን 5 ቀን 1950 ውሳኔ አገኘ። ፍርድ ቤቱ ሁለቱን ትምህርት ቤቶች አነጻጸረ። የነጮቹ 16 የሙሉ ጊዜና 3 የትርፍ ጊዜ መምህራን፣ 850 ተማሪዎችና ከ65,000 በላይ መጻሕፍት ነበሩት፤ የጥቁሮቹ 5 የሙሉ ጊዜ መምህራን፣ 23 ተማሪዎችና 16,500 ያህል መጻሕፍት። ከዚያም ፍርድ ቤቱ ከቁጥር አልፎ ሄደ። የአንድን ትምህርት ቤት ታላቅነት የሚያስገኙ፣ ነገር ግን በመለኪያ የማይለኩ ነገሮች አሉ አለ፤ የመምህራኑ ስም፣ የአስተዳደሩ ልምድ፣ የቀድሞ ተማሪዎቹ ተሰሚነት፣ በማኅበረሰቡ ዘንድ ያለው ክብር። በተጨማሪም ከግዛቱ ሕዝብ 85 በመቶው የሚገኝበት ወገን ተለይቶ በወጣበት ክፍል የሚማር ጠበቃ፣ ነገ በችሎት የሚገጥማቸውን ሰዎች ሳያውቅ እንደሚመረቅ አመለከተ። በዚያው ቀን በተሰጠው የኦክላሆማው የማክሎሪን ውሳኔ ደግሞ፣ ዩኒቨርሲቲው ከተቀበለ በኋላ ጥቁሩን የዶክትሬት ተማሪ በክፍል፣ በቤተ መጻሕፍትና በምግብ ቤት ለብቻው ማስቀመጡ ትምህርቱን እንደሚያጓድልበት ተወሰነ። ከአራት ዓመት በኋላ በብራውን ጉዳይ ተመሳሳይ ሐሳብ ለሕፃናት ትምህርት ቤቶች ዋለ።

የመለኪያ ሥነ ልቦና የምናስተምር ሰዎች በዚህ ውሳኔ ፊት ቆም ማለት ይገባናል። ቶምፕሰን የጀመሩት የሚለካውን በትክክል እንለካ ብለው ነው። የደረሱበት ግን መለኪያው የማይደርስበትን ነገር ሕግ እንዲያውቀው ማድረግ ላይ ነው።

ለእኛ የሚተርፈው

ቶምፕሰን በ1980 አረፉ። ሃዋርድ በስማቸው የሚጠራ የንግግር መድረክ አለው፤ መጽሔቱም እስከ አሁን ይታተማል። የአሜሪካ የዘር ታሪክ የአሜሪካ ነው፤ እንዳለ ገልብጠን በእኛ ላይ ልናወርደው አይገባም። ጥያቄው ግን በእኛም ደጅ ቆሟል። በእኛ አቆጣጠር በ2014 ዓ.ም. የትምህርት ዘመን የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ አንድም ተማሪ ያላሳለፉ ትምህርት ቤቶችም ብዙ ነበሩ። ውጤቱ በተገለጸ ሰሞን በየመገናኛ ብዙኃኑና በየቤቱ የተነገረው በአብዛኛው ስለ ተማሪው ነበር፤ «ይህ ትውልድ አያነብም፣ አይደክምም» ተባለ። ምናልባት ከፊሉ እውነት ይሆናል። ነገር ግን ከአንድ ትምህርት ቤት አንድም ልጅ ሳያልፍ ሲቀር፣ ፈተናው ስለ ልጆቹ የነገረን ነገር ጥቂት ነው፤ የነገረን ስለ ትምህርት ቤቱ ነው። ቤተ ሙከራ አለው ወይ? የፊዚክስ መምህር ነበረው ወይ? መጽሐፉ ለስንት ተማሪ አንድ ነበር? ዓመቱን ሙሉ ክፍት ነበር ወይስ በጦርነትና በመፈናቀል ተዘግቶ ከረመ? እነዚህ ጥያቄዎች ከውጤቱ ጋር አብረው ካልታተሙ ቁጥሩ ግማሽ እውነት ነው።

ለመመረቂያ ጥናታችሁ ርእስ የምትፈልጉ ተማሪዎች፣ በውጤት ሰንጠረዥ ላይ የትምህርት ቤቱን ሁኔታ የሚገልጽ ዓምድ ጨምሩ ብዬ አደራ እላችኋለሁ። በአስተዳደር ኃላፊነት ላይ ላሉት ባልደረቦቼ ደግሞ የቶምፕሰን ሕይወት የሚለው ነገር አለ። የበጀት ጥያቄ፣ የመምህር ቅጥር፣ የቤተ መጻሕፍት ግዢ፣ የመጽሔት ዝግጅት ከእውቀት ሥራ የሚያስተጓጉሉ ጣጣዎች ተደርገው ይታያሉ። እኚህ ሰው ግን በኦስቲን ችሎት ቆመው ትምህርት ቤት ማለት ምን እንደሆነ ሊመሰክሩ የቻሉት ያንን ጣጣ ለብዙ ዓመታት በእጃቸው ስለሠሩት ነው። ዲኑ ባይኖር ምስክሩ አይኖርም ነበር፤ የሥነ ልቦና ምሁሩ ባይኖር ደግሞ ዲኑ ምን መመስከር እንዳለበት ባላወቀ ነበር።